ዋስ አምጪ

ዮርዳኖስን ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ አሸተቷት። እናቷ የምስራች ይህን የሰማችው ከልጇ አፍ አይደለም፤ በማግሥቱ ከጓሮው ቧንቧ ውሃ ስትቀዳ፣ የወንድሟ ሚስት አሰፋሽ በአጥሩ ላይ ለጎረቤቷ ስታወራ ነው። «መምህሯ ጥፍር አየች፣ ፀጉር አየች፤ ከዚያ የይቺን ሹራብ ጠጋ ብላ ብታሸት፣ "ኧረ ይቺ ልጅ ሲጋራ ሲጋራ ትሸታለች!" ብላ በልጅ ሁሉ ፊት ጮኸች አሉ። እኔማ ምን ልበል እህቴ? አረብ አገር ኖራ የመጣች ሴት እዚያ ምን ለምዳ እንደመጣች ማን ያውቃል? ቤቱ የኛ፣ ስሙም የኛ። እንግዲህ መሸከም ነው።» ጎረቤቲቱ ከንፈሯን መጠጠች። ያዘነችው ለአሰፋሽ ነበር።

የምስራች የነቃችው ጄሪካኑ ሞልቶ እግሯ ላይ ሲፈስ ነው። ጄሪካኑን እዚያው ትታ ከግቢው ጥግ ወዳለችው ክፍሏ ገባች። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ ላስቲክ የለበሰች ጠረጴዛና ግድግዳው ላይ የተመታ ምስማር ነበራት፤ ምስማሩ ላይ የዮርዳኖስ የአስም ፓፍ በትንሽ ቦርሳ ተንጠልጥሏል። የግቢው ተከራይ ሁሉ በዚህ የጉና ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ ሲሞቅ የምስራች ከሰል ደጃፏን አታስረግጥም፤ ልጇ ብርዱን ትችላለች፣ ጭሱን ግን አትችልም። ዮርዳኖስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ራሷ አበጥራ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሹራቧ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። የትምህርት ቤቱ ሹራብ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ይኼ ግን እዚህም እዚያም እንደ ለምጽ ነጭ ነጭ አውጥቶ ነበር።

«ማን አጠበው?»

«እኔ።»

«በምን?»

«በበረኪናሽ።» ልጅቷ ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን ውሃ በእግሯ አበሰች። «መምህርት ትዝታ እናትሽን ሳትይዢ እንዳትመጪ አለችኝ።»

የምስራች በአንድ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት፤ በረኪና ከእጇም ከቤቷም አይጠፋም። ሹራቡን ከበሩ ጀርባ አውርዳ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ከበረኪናው ሥር፣ ከእርጥቡ ሱፍ ሥር፣ ያ ሽታ አለ። ሲጋራ በከንፈሯ ነክታ አታውቅም። ጂዳ የሠራችበት ቤት እመቤቲቱ ታጨስ ነበር፤ የምስራች የዚያችን ሴት መተርኮሻ ስታጥብ ምራቅ የነካው ቁራጭ ከአመዱ ጋር ጣቷ ላይ ይለጠፍ ነበር። አሁን ያ ቁራጭ ተመልሶ አፏ ውስጥ የገባ መሰላት። ለሆቴሉ ኃላፊ ደውላ ዛሬ እንደማትገባ ነገረችው፤ ቀኑ ከደመወዝሽ ይቀነሳል አላት፤ ይቀነስ አለችው። ልጇን ቤት ትታ ብቻዋን ወጣች።

ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ባሕር ዛፎቹ መካከል ነው። ወራት ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተ ስለሆነ ወላጅ ሁሉ ልጁን ይዞ ተሯሩጦ ነበር ያስመዘገበው፤ ዮርዳኖስም ቤት ስትጠብቅ ከርማ፣ ከእድሜዋ አንድ ክፍል ዝቅ ብላ፣ ሁለተኛ ክፍል የገባችው ገና ዘንድሮ ነው። ከበሩ በስተግራ፣ የአጥሩ ግድግዳ ላይ፣ በትልልቅ ቀይ ፊደል «በትምህርት ቤቱ ቅጥርና አካባቢ ሲጋራ ማጨስ በሕግ የተከለከለ ነው» የሚል ተጽፏል። ከጽሑፉ ሥር ግድግዳው በጥቁር ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። አጫሾቹ ቁራጫቸውን የሚያጠፉት ጽሑፉ ላይ ነው፤ «ሕግ» የምትለው ቃል ከጥቀርሻው የተነሳ በግድ ነው የምትነበበው።

ምክትል ርእሰ መምህሩ ዘመኑ ወጣት ነው፤ ከየምስራች በእድሜ ያንሳል። ቢሮው ውስጥ የተነፈሱ ኳሶች፣ የጠመኔ ካርቶን፣ እግሩ የተሰበረ የዓለም ሉል ነበሩ፤ ከእሱ ወንበር በቀር ግን ሌላ ወንበር አልነበረም። ማስቲካ ያኝካል፤ የማስቲካው ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል።

«ቁጭ በይ» አላት፤ ከዚያ መቀመጫ እንደሌለ አየና ተወው። «የልጅሽ ጉዳይ እንግዲህ ትንሽ የሚያሳፍር ነው።»

«ልጄ ምን አጠፋች?»

«ልጅቷማ ምን ታጥፋ? ከቤት ይዛው የመጣችው ነገር ነው እንጂ።»

«እኔ አላጨስም ጌታዬ።»

«ታጨሻለሽ አልወጣኝም።» ማስቲካውን ከግራ ጉንጩ ወደ ቀኝ አዞረው። «ብቻ እኛም ሰው እናውቃለን። ከዚያ አገር የሚመጣው ሁሉ አንዳንድ አመል ይዞ ነው የሚመጣው። ሕፃን ባለበት ማጨስ ደግሞ ወንጀል ነው፤ አዋጅ ወጥቶበታል።»

«ልጄ አስም አለባት። እኔ ከሰል እንኳ አላያይዝም። ሽታው የሚመጣው ከዚህ ከበራችሁ ነው፤ ስገባ አይቼዋለሁ፣ ግድግዳውን ይዩት።»

ዘመኑ ሳቀ፤ ቅር ሳይለው፣ ልጅ እንዳሳቀው ሰው። «በር ላይ የሚቆሙት ልጃቸውን ሊወስዱ የሚመጡ ወላጆች ናቸው። የተከበሩ ሰዎች ናቸው። እነሱን ከዚህ ሂዱ ልበላቸው? መንገዱ የመንግሥት ነው፣ የኛ ሥልጣን እስከ አጥሩ ነው።» ከዚያ ድምፁን አለዘበ፤ ውለታ ሊውል ነው። «እኛ ነገሩን ማክረር አንፈልግም። አንድ የታመነ ሰው ዋስ አምጪ። "ይቺ ሴት ከዛሬ ጀምሮ ትተዋለች" ብሎ ቃሉን የሚሰጥ። ያለ ዋስ ልጅቷ ክፍል አትገባም፤ ሌሎቹ ወላጆችም ልጆቻችንን ከሷ ጋ አታስቀምጡ ብለዋል። ነገ ባሕር ዳር ለስብሰባ እወርዳለሁ፣ ሳምንት እቆያለሁ። ዛሬ ማታ ሳልወጣ ይምጣ።»

«ያላጨስኩትን ነው የምተወው?»

«አየሽ፣ እንዲህ ከሆንሽ አንግባባም። ምን አስቸገረሽ ደግሞ? ወንድምሽ አቶ ሀብተማርያም የወላጆች ኮሚቴያችን ሰብሳቢ አይደሉ? እሳቸው አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ይበቃል።»

ስትወጣ መምህርት ትዝታ ከአንደኛው ክፍል በር ላይ ቆማ ነበር፤ የምስራችን ስታይ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ነካ አደረገች። ምናልባት ብርድ ነበረባት። ምናልባት።

የጠዋቱ ፈረቃ ሊለቀቅ ጥቂት ቀርቶ ነበር። የምስራች ከበሩ ውጭ፣ ለልጆች ቆሎና ከረሜላ ከምትሸጠው ከወርቅነሽ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አንዲት ስኒ ቆሎ አሥር ብር ገብታለች፤ የዛሬ ዓመት በዚያ ብር ኪስ ትሞላ ነበር። በዘበኛው ቤትና በአጥሩ መካከል አንዲት ጥግ አለች፤ በአንድ በኩል ቆርቆሮ፣ በሌላ በኩል ያ ጽሑፍ ያለበት ግድግዳ። ልጆች ከበሩ ሲወጡ በዚያች ጥግ ጠርዝ ማለፍ አለባቸው፤ ሌላ መንገድ የለም፣ ከማዶ ጉድባው ነው። ወንዶቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ወደ ገሳይ የሚጭን የሚኒባስ ሾፌር መጣ። ከረባት ያሰረ የመሥሪያ ቤት ሰው መጣ። ሁለት መምህራን ከውስጥ ወጡ፤ አንደኛው ጠመኔው ገና ከእጁ አልለቀቀም። እርስ በርሳቸው እሳት ተቀባበሉ። አንዱ ሲያስል ሌላው ጀርባውን ይመታዋል፣ ይስቃሉ፣ አክታቸውን እዚያው ጥግ ይተፋሉ፤ ልጆቹ ሲለቀቁ በዚያ አክታ ላይ በቀዳዳ ጫማ ያልፋሉ።

«ሁልጊዜ ነው እንዴ?» አለች የምስራች።

«ውይ፣ ሁልጊዜ!» አለች ወርቅነሽ ቆሎዋን እያገላበጠች። «የት ይሂዱ ብለሽ ነው? እዚህ ማን ያያቸዋል? የሚያዩዋቸው ልጆች ናቸው።»

እውነቷን ነው። ደብረ ታቦር ላይ ለሚያጨስ ሰው ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከተማው ትንሽ ነው፣ ዓይኑ ግን ብዙ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይታሰብ ነው፤ ቄሱም ምእመኑም በአንድ አፍ ያወግዘዋል። ቤቱ እንዳያጨስ ሚስት አለች፣ አማት አለች፣ ጸበል ጸዲቅ ሊቀምስ የሚመጣ ማኅበርተኛ አለ። አስፋልቱ ዳር እንዳያጨስ፣ ከሐሙሲትና ከአንበሳሜ ከሚኒባስ የሚወርደው ሰው ግማሹ ዘመዱ ነው። ስለዚህ ስሙን የሚወድ አጫሽ ሁሉ አንድ ቦታ አገኘ፤ ከአስፋልት የማይታይ፣ ሽማግሌ የማያልፍበት፣ ሰው የሌለበት ቦታ። ሰው የሌለበት ማለት ልጆች ብቻ ያሉበት ማለት ነው። ልጅ ከሰው አይቆጠርም፤ ልጅን አያፍሩትም። እነዚህ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ገና ሲደርሱ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ ሽማግሌ ሲመጣ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ፣ ጨዋ ናቸው፣ የጨዋ ልጆች ናቸው፤ ጨዋነታቸውን ሁሉ ለትልልቁ ሰው አድለው ሲጨርሱ የተረፋቸውን ጭስ ለስድስት ዓመት ልጅ ያድላሉ።

ደወሉ ሊደወል ሲል ወንድሟ ሀብተማርያም መጣ። ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ፣ ነጠላውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ። የምስራች በወርቅነሽ ጃንጥላ ተከልላ ነበርና አላያትም። ሾፌሩ ቦታ ለቀቀለት፣ ባለከረባቱ እሳት ሰጠው። ሀብተማርያም ሲጋራውን እንደ ሌሎቹ በጣቱ መካከል አልያዘም፤ ወደ መዳፉ ውስጥ አዙሮ፣ እሳቱን በአራት ጣቱ ሸፍኖ ነው የሚስበው፤ ከሩቅ ለሚያየው ሰው እጁን በትንፋሹ የሚያሞቅ ይመስላል። ብዙ ጊዜ የተለማመደው እንደሆነ ያስታውቃል። የምስራች መጀመሪያ የገባት ይህ አልነበረም። መጀመሪያ የገባት ዮርዳኖስ ዛሬ ትምህርት ቤት እንዳልመጣች እሱም እንደሚያውቅ ነው። ጠዋት ሲወጣ ልጅቷን ደጃፍ ላይ አይቷት፣ ራሷን ዳብሷት ነው የሄደው። ከመስከረም ጀምሮ «አንቺ ሥራ ላይ ነሽ፣ ልጅቷን እኔ ላምጣልሽ» ብሎ በየቀኑ እየሄደ ያመጣት ነበር፤ እሷም አጎት ማለት እንዲህ ነው ብላ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላ፣ እሁድ እሁድ ሸሚዞቹን በእጇ ስታጥብለት ከርማለች። ዛሬ የሚያመጣት ልጅ የለችም። እሱ ግን መጥቷል።

ልጆቹ ወጡ። እየተንጫጩ፣ እየተገፋፉ፣ በጭሱ ውስጥ አለፉ። ወንዶቹ ወገባቸውን እንኳ ፈቀቅ አላደረጉም። የምስራች ልትነሳ ብላ ተወችው። ወንድሟን በሰው ፊት፣ በታላቅነቱ፣ በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል ምን ብላ ትጥራው? ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ በጉድባው ዳር በኩል ሄደች። ያፈረችው እሷ ነበረች።

ቤት ደርሳ በሩን ዘጋችና ልጇን አጠገቧ አስቀመጠች።

«ጆሪዬ፣ አጎትሽ ሊወስድሽ ሲመጣ የት ነው የምትቆሚው?»

«እሱ ጋ።»

«ሲጋራ ሲያጨስ?»

ዮርዳኖስ ጣቶቿን በቀሚሷ ጫፍ ጠቀለለች። «ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል። እስኪጨርስ ኮቱ ውስጥ ይከተኛል፣ እንዳይበርደኝ። ብስኩት ይገዛልኛል።» «ያልነገርኩሽ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው» አለች።

በዚያው ቀን አሰፋሽ የቤቱን የንስሐ አባት ቄስ ባዩን አስጠርታ ነበር። ጾም ስለሆነ ምሳው ሽሮና ድንች ነው። ቄስ ባዩ ማዕዱን ባረኩ፤ ሀብተማርያም ከካፖርቱ ኪስ ቅርንፉድ አውጥቶ እያኘከ በአክብሮት ከጎናቸው ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። የምስራችን ከክፍሏ ጠሯትና ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ስለ ድንች ዋጋ አወሩ፤ ከማሳ ላይ የሚገዛበትና ገበያ ላይ የሚሸጥበት ዋጋ እንደማይተዋወቅ፣ ዘንድሮ ዋግ ብዙውን እንደመታው። ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ነበር፣ ማንም ግን ቀድሞ ሊያነሳው አልፈለገም። በመጨረሻ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ የምስራች፣ ሰው ነንና እንወድቃለን። ብቻ ትንባሆ ክፉ ነገር ነው። ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው ይላሉ አባቶች። የሚያጨስ ሰው አፉ የጸሎት አፍ አይሆንም።»

«አሜን» አለ ሀብተማርያም። አሜን አለ። የምስራች የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች።

«አባ፣ እኔ አላጨስም» አለች። «ጋሼ ሀብቴ ያውቃል። ጠይቁት።»

አሰፋሽ እንጀራ መቁረስ አቆመች። ቄሱ ወደ ሀብተማርያም ዞሩ። ሀብተማርያም ቅርንፉዱን በምላሱ አዞረ፣ ወደ ማዕዱ አየ፣ ከዚያ በጣም ደግ በሆነ ድምፅ ተናገረ። «አሁን አጨሰች አላጨሰች ብሎ መመርመሩ ምን ይጠቅማል አባ? እህቴ ናት። ምክትሉ ደውሎልኛል፣ ዋስ ያስፈልጋል ብሏል። እኔ እሆናታለሁ። እንደምትተው በስሜ ቃል እገባለሁ፤ ልጅቷም ትምህርቷን ትቀጥል።»

«እግዚአብሔር ይባርክህ» አሉ ቄሱ። «ወንድም እንዲህ ነው።»

«ይኸው ነው የሱ ነገር» አለች አሰፋሽ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ለሰው ሲል ይሞታል።»

ቄሱ መርቀው ሲሄዱ የምስራች ወንድሟን ጓሮ ውሃ ቧንቧው ጋ አገኘችው። እጁን በሳሙና እየደጋገመ ያጥብ ነበር።

«ዛሬ በሩ ላይ አየሁህ ጋሼ ሀብቴ።»

ውሃውን አልዘጋም። ድምፃቸው ቤት እንዳይሰማ ነው። «እና?»

«እናማ ልጄን ያሸተቷት ያንተን ሽታ ነው። ኮትህ ውስጥ ከተህ ስታጨስባት ነው የከረምከው። ልጅቷ መተንፈስ ያቅታታል እኮ፣ ታውቃለህ፣ ሌሊት ስታቃስት ከግድግዳው ማዶ ትሰማለህ!»

«ቀስ በይ።» ወደ ቤቱ አየ። «ምን ላድርግ ነው የምትይኝ? ለአባ ባዩ ንስሐ ገብቻለሁ። ባንድ ጊዜ መተው አልቻልኩም ብላቸው፣ ቀስ እያልክ ተወው፣ እስከዚያው ግን ከቤትህና ከቤተ ክርስቲያን አርቀው አሉኝ። አራቅሁት። ታዲያ ወዴት ልሂድልሽ?»

«ትምህርት ቤት?»

«ትምህርት ቤትን አላነሱም።» ይህን ሲል አልቀለደም፤ ፊቱ ላይ ሕግ ያከበረ ሰው ኩራት ነበር። የምስራች ፊቱን መረመረችው። ይሄ ሰው እኮ ራሱን አልዋሸም፤ ቀኖናውን ጠብቆ ጭሱን ከቤቱና ከቤተ ክርስቲያኑ አርቆ፣ በጥንቃቄ፣ በእምነት፣ በልጇ ሳንባ ላይ አድርሶ ጥሎታል። «ስሚኝ፣» አለ እጁን እያራገፈ፣ «እኔ ስሜ ቢነሳ ከኮሚቴው እወርዳለሁ፣ ከማኅበሩ እወጣለሁ፣ አሰፋሽም ትሞታለች። ያንቺ ግን ምን ይሆናል? አረብ አገር ኖረሽ ስትመጪ ያኔውኑ ያሉሽን ብለውሻል። አንድ ነገር ቢጨመርበት ምን ይጎድልብሻል? ዋስ እሆንሻለሁ፣ ልጅሽ ትማራለች፣ ክፍልሽ ውስጥ ትኖሪያለሽ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ክፍልሽ ውስጥ ትኖሪያለሽ። ያቺን ክፍል ያሠራችው እሷ ናት፣ ጂዳ እያለች በላከችው ገንዘብ፤ ካርታው ግን በሱ ስም ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አላነሱትም። ውሃው በባዶ ይፈስ ነበር። የምስራች ቧንቧውን ዘጋችና «እሺ» አለች። እሺ ያለችው ልጇ ነገ ክፍል እንድትገባ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰበችውም፤ የምትችለው እስከዚያ ብቻ ነበር።

የከሰዓቱ ፈረቃ ሊለቀቅ ሲል ሦስቱም ወጡ፤ ሀብተማርያም ከፊት፣ የምስራችና ዮርዳኖስ ከኋላ። ልጅቷ ነጠብጣባሙን ሹራብ ለብሳለች፤ ሌላ የላትም። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ለሀብተማርያም ጎንበስ እያለ ሰላምታ ሰጠው፤ እሱም ቆም እያለ ስለ ልጆች፣ ስለ ጤና፣ ስለ አዝመራ ጠየቀ። ወደ በሩ ሲደርሱ ጥጓ ሞልታ ነበር፤ ሾፌሩ አለ፣ ባለከረባቱ አለ፣ መምህራኑ አሉ። ሀብተማርያም ቆመ።

«አንዴ ጠብቁኝ» አለ። «እዚያ ገብቼ ብዙ ማውራት አለብኝ።»

የምስራች መጀመሪያ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። ሲጋራው ሲወጣ ገባት። እሷ እንደምታቆም ቃል ሊሰጥ ሲገባ፣ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት አንድ ሊስብ ፈልጎ ነው። እሳት ተሰጠው፤ በመዳፉ ሸፍኖ ሳበ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጭሱን ለቀቀው። ልጆቹ ከበሩ እየጎረፉ ስለነበር ዮርዳኖስ በግፊያው ወደ ጥጓ ተገፋች። ሰባት ስምንት ሲጋራ በአንድ ጊዜ ይጨስ ነበር። ልጅቷ አንዴ ሳለች። ሁለቴ። ከዚያ ያ የምስራች በእንቅልፏ እንኳ የምታውቀው ፉጨት ከደረቷ ወጣ። የምስራች ፓፉን ከቦርሳዋ አውጥታ አፏ ላይ አደረገችው፣ ጫነችው፣ እንደገና ጫነችው። የልጅቷ አንገት ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ከንፈሯ ሰማያዊ እየሆነ ነው። ቀና ብላ ወንዶቹን አየቻቸው። ወንዶቹም አዩአት። አንደኛው «ጉንፋን ነው፣ ንፋስ መትቷት ነው» አለ፤ ሲጋራው አፉ ላይ እንዳለ።

የምስራች ያን ጊዜ ጮኸች።

«ኡኡ! ኡኡ! ያገር ያለህ! ኡኡኡ!»

በዚህ አገር ኡኡታ የጨዋታ ነገር አይደለም። ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሽፍታ ሲገባ የሚወጣ ድምፅ ነው። የሰማ ሰው ማጭዱን፣ መጻሕፍቱን፣ ሚዛኑን ጥሎ ይሮጣል፤ ያልሮጠ ሰው በኋላ ምን ነክቶህ ነው ይባላል። ከአስፋልቱ ባለሱቆቹ ሮጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ለሠርክ ጸሎት የመጡት ነጫጭ ነጠላ ለባሾች ሮጡ፤ ቄስ ባዩ መቋሚያቸውን እንደያዙ ከፊታቸው ነበሩ። መምህርት ትዝታ ሮጠች፣ ዘመኑ ከቢሮው ሮጠ፣ ከሚኒባሱ ተሳፋሪው ሳይቀር ወረደ። በአፍታ ጊዜ ውስጥ ያቺ ሰው የማያልፍባት ጥግ በሰው ተከበበች። «ማን ሞተ?» «ማን ተወጋ?» «የት ነው እሳቱ?» ይላል ሰው። ወንዶቹ ሲጋራቸውን ሊጥሉ ቦታ አጡ፤ ሾፌሩ ረግጦ አጠፋ፣ ባለከረባቱ ከጀርባው ጣለ፣ መምህሩ ሲጋራውንም ጠመኔውንም ጣለ። ሀብተማርያም ቄስ ባዩን አየ። እጁን ካፖርቱ ኪስ ከተተ።

«ምን ሆነሽ ልጄ?» አሉ ቄሱ እያለከለኩ።

የምስራች ልጇን ደረቷ ላይ አስደግፋ ፓፉን ይዛለች።

«ምንም አይደለም አባ» አለ ሀብተማርያም፤ ያ ደግ ድምፁ ተመልሶለት። «እህቴ ናት። ከዚያ አገር ከመጣች ወዲህ ነርቯ ደህና አይደለም። ትንሽ ነገር ያስደነግጣታል። እናንተንም አስቸገረቻችሁ፤ ይቅርታ፣ በሉ ወደ ሥራችሁ። አሁን እኔ እወስዳታለሁ።»

ሰዉ ሊበተን ጀምሮ ነበር። አንዲት ሴትዮ «ለዚህ ነው ኡኡ የምትለው? ታሳዝናለች!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ያን ጊዜ ከካፖርቱ ኪስ ቀጭን ጭስ ወጣ። መጀመሪያ እንደ ክር ነበር፤ ከዚያ ወፈረ፣ የሚቃጠል የሱፍ ሽታም መጣ። ሀብተማርያም መናገሩን አላቆመም፤ ስለ እህቱ ነርቭ፣ ስለ ጠበል፣ ስለ ትዕግሥት ይናገር ነበር። ሰዉ ሁሉ አየ። አየሁ ማለት ነውር ነበርና አንዱ ወደ ባሕር ዛፉ አየ፣ አንዱ የነጠላውን ጥለት አስተካከለ፣ ዘመኑ ሰዓቱን አየ። ቄስ ባዩ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ከዚያ ኪስ ላይ ማንሳት አቃታቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «አርቀው አልኩ እንጂ…» ብለው ጀመሩና ዋጡት።

የምስራች ወደ ዘመኑ ዞረች። ዮርዳኖስ መተንፈስ ጀምራ ነበር፤ አጭር አጭር፣ ግን ትንፋሽ ነበር።

«ዋስ አምጪ አላልከኝም?» አለችው። «አመጣሁልህ። ያውልህ። ጠጋ ብለህ አሽትተው።»

ዘመኑ አልተጠጋም። አፉን ከፈተ፣ ማስቲካው ታየ፣ መልሶ ዘጋው። መምህርት ትዝታ አንገቷን ደፋች። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም፤ የተጨናነቁት ልጆች ብቻ በትልልቆቹ ሰዎች እግር መካከል እየሾለኩ ያን ጭስ የሚያወጣ ኪስ ለማየት ይጋፉ ነበር። በመጨረሻ የተናገረችው ወርቅነሽ ናት፤ ቆሎዋን ታቅፋ ከኋላ እየተንጠራራች።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እጅህን አውጣ! መቃጠልህ እኮ ነው!»

ሀብተማርያም ሰማት። ግንባሩ ላብ አውጥቶ ነበር፤ ከዓይኑ ጥግ እንባ ወርዶ ጉንጩ ላይ ቆሟል። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው እጁን ነበር። እሱ ግን ቄሱን እያየ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ፣ እጁን ከኪሱ አላወጣም።